ለመንታ ሲሊንደር ስንት ኪሎ የሚያነሳ ዊንግ ልግዛ? ከሐዋሳ

የታቦር ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ስኩባ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) የተማርኩት ዱባይ የጠላቂዎችን ሲሊንደር እየሞላሁ ስሠራ ነው። ወደ አገሬ ስመለስ መንታ ባለ 12 ሊትር የብረት ሲሊንደር ሁለቱን ከሚያገናኘው ቧንቧ (ማኒፎልድ) ጋር፣ ጀርባ ላይ የሚታሰር የብረት ሳህን (ባክፕሌት)ና አንዲት ትንሽ ኮምፕረሰር ይዤ ገባሁ። የጎደለኝ ዊንግ ነው፤ ጀርባ ላይ ታስሮ በአየር እየተሞላ ጠላቂውን የሚያንሳፍፈው ከረጢት። ያለኝ ለአንድ ሲሊንደር የተሠራ፣ 13 ኪሎ የሚያነሳ ስለሆነ ለመንታው አይሆንም።

ሐሳቤ እዚሁ ሐይቃችን ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሜትር እየተለማመድኩ ቆይቼ፣ ገንዘብ ስይዝ ጅቡቲ ወይም ግብፅ፣ ዳሃብ ሄጄ የቴክኒካል ኮርስ መውሰድ ነው። ያኔ ሁለት ባለ 11 ሊትር የአሉሚኒየም ስቴጅ (በጎን የሚንጠለጠል ተጨማሪ ሲሊንደር) ይጨመራል፤ ጥልቀቱም እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። የምለብሰው 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ልብስ (ዌትሱት) ነው።

ጅቡቲ ያለ ወዳጄ 45 ኪሎ የሚያነሳ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ገመድ የተወጠረ ያገለገለ ዊንግ አግኝቶልኛል። ዋጋው የአዲሱን ባለ 27 ኪሎ ግማሽ አይሞላም። ሌላ ሰው ደግሞ «18 ኪሎ ከበቂ በላይ ነው» ይለኛል። ከ18 እስከ 45 ድረስ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ማንን ልስማ? የምታውቁ እባካችሁ አማክሩኝ።

ቢሾፍቱ 04 · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ወንድሜ፣ 45ቱን ውሰድ። ቢያንስህ ታች ትቀራለህ፤ ቢበዛብህ አትሞላውም። ዋጋውም ተገኝቶ ነው? እኔ ባቦጋያ የምጠልቀው በአንድ ሲሊንደር ቢሆንም ሁሌም ትርፍ ያለው ነገር ነው የምመርጠው።

ማዕበል · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

የታቦር ልጅ፣ ሳትገዛ መጠየቅህ ጥሩ አደረግክ። ቀይ ባሕር ላይ ጠላቂ ሳስተምር ዓመታት አልፈውኛል፤ ብዙ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቢሾፍቱ 04፣ በመልስህ አልስማማም። ምክንያቴን ልዘርዝር፤ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የዊንግ አቅም የሚለካው በሲሊንደር ብዛት ወይም በሰውየው ውፍረት አይደለም። ሁለት ክፉ ሰዓቶች አሉ። አንደኛው ዕቃህን ውሃ ላይ አውልቀህ ስትለቀው ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፤ ዌትሱቱ ገላህ ላይ ስለሆነ ለዕቃው ምንም አያግዘውም። ዊንጉ ብቻውን ያን ሁሉ ብረት ይዞ መንሳፈፍ አለበት፤ ካልተንሳፈፈ ዕቃህን ተሰናበተው። ሁለተኛው ታች በደረስክበት ደቂቃ ነው። ጋዙ ገና አልተነካም፤ ዌትሱቱ ግን ተጨምቋል። ባሕር ውስጥ በ40 ሜትር ግፊቱ 5 ባር ነው። የሱቱ ላስቲክ ውስጥ የታፈኑት የአየር አረፋዎች ከውሃው በላይ ከነበራቸው መጠን ወደ አንድ አምስተኛው ይወርዳሉ፤ የጎማው ጥንካሬ ትንሽ ይከላከልላቸዋል እንጂ። ላይ 8 ኪሎ ያነሳህ የነበረ ሱት እዚያ 2 ኪሎ ቢያነሳህ ነው። የጎደለው 6 ኪሎ ዊንጉ ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ ሰዓቶች የከበደውን ቁጥር ትይዛለህ፤ መጠነኛ ትርፍ ትጨምርበታለህ። ዊንግህ እሱ ነው።

ጋዙንም አትርሳ። 1 ሊትር አየር 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል። 24 ሊትር በ200 ባር ስትሞላ 4,800 ሊትር አየር ነው፤ ይህም ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል። ያ 6 ኪሎ ስትወርድ አለ፣ ስትወጣ የለም። ስለዚህ ሚዛንህን የምታስተካክለው በመጨረሻው ማቆሚያህ ላይ (ስትወጣ ሰውነትህ ውስጥ የሟሟው ጋዝ እንዲወጣ ቆመህ የምትጠብቅበት ጥልቀት)፣ ሲሊንደሩ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ፣ ሳትሰምጥም ሳትነሳም እንድትቆም ነው። መጀመሪያ ላይ የምትከብደውን ያህል ዊንጉ ይሸከምልሃል።

አሁን ወደ 45ቱ። «አልሞላውም» ማለት ይቻላል። ግን አየር የሚያስገባው ቁልፍ (ኢንፍሌተሩ) ተጣብቆ ዊንጉ ራሱን መሙላት ቢጀምርስ? 27 ኪሎ ወደ ላይ ሲጎትትህና 45 ሲጎትትህ አንድ አይደለም። ደግሞም ትልቅ ከረጢት ውስጥ ትንሽ አየር ስትጨምር አየሩ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከጎን ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሁርጋዳ አብሬው የጠለቅኩ ሰው ሰፊ ዊንግ ነበረው። 9 ሜትር ላይ ቆመን 11 ደቂቃ ይቀረዋል። አየሩ በቀኝ በኩል ተሰብስቦ እጥፋት ውስጥ ተደበቀ። ማስወጫው ያለው በግራ ነው። ግራ ትከሻውን ከፍ አድርጎ ቁልፉን ሲጫን እያየሁት ነበር፤ አንድ አረፋ አልወጣም። 8 ሜትር፣ 6 ሜትር፣ ከዚያ እጄ አልደረሰበትም፤ ላይ ወጣ። ኦክሲጅን ሰጠነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። እኔ ግን የዚያን ሰው ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የላስቲክ ገመዱንም አልወደውም። ዊንጉ ቢቀደድ ገመዱ እየጨመቀ አየሩን ቶሎ ያስወጣዋል፤ በአፍህ ልትነፋው ስትሞክርም ይታገልሃል።

አሁን የምትሠራው ይህን ነው፦ ሳትገምት ዕቃህን ውሃ ውስጥ ሰቅለህ መዝነውና ቁጥሩን አምጣልን።

ሰማያዊ ናይል · ረቡዕ፣ ቀን 6፡05

ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ አይደል እንዴ? እንዴት ነው የምትጠልቀው?

የታቦር ልጅ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡30

አለ ወንድሜ። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል አልሄድም። ጀልባ የሚቀዝፍልኝ ልጅ የት እንደሚውሉ ያውቃል፤ እሱ «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቀራል። ለእኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዓሣ መረብ ነው። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከክንዴ ጫፍ በላይ አላይም። መረቡን የማገኘው በዓይኔ ሳይሆን በእጄ ነው።

ማዕበል · ረቡዕ፣ ቀን 8፡10

ይህንን አለመጥቀሴ ስህተት ነው፤ በጣም አመሰግናለሁ። ግማሽ ባዶ ሆኖ ከሲሊንደሩ ጎን የሚንጠለጠል ሰፊ ዊንግ መረብ ውስጥ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው፤ የምታስለቅቀው ደግሞ ከጀርባህ፣ ሳታየው። ለሐዋሳ ብቻ ብለህ ብትገዛ እንኳ ይህ ምክንያት ብቻውን 45ቱን እንድትተወው ይበቃል።

የታቦር ልጅ · ዓርብ፣ ጠዋት 4፡50

መዘንኩት! ዛሬ ማለዳ አሞራ ገደል ሄድኩ። ቆሮሶና አምባዛ የሚመዝኑባትን መንጠቆ ያላት ሚዛን አንድ ዓሣ ነጋዴ አባት ለግማሽ ሰዓት አዋሱኝ። «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?» ብለው እስከ ጀልባው ድረስ ተከትለውኝ መጡ።

ሲሊንደሮቹ በ200 ባር ሙሉ ናቸው። ባክፕሌቱ፣ ሁለቱ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የምንተነፍስበት መሣሪያ)፣ ማሰሪያዎቹና ባዶው የድሮ ዊንግ ሁሉም አሉበት። በደረቁ 43 ኪሎ መጣ። ከዚያ ሚዛኗን በጀልባው ጠርዝ ላይ በተኛ ግንድ አሠርናትና ዕቃውን ቀስ እያልን ውሃ ውስጥ አወረድነው። ቫልቮቹ እስኪሰጥሙ ድረስ መርፌዋ እየወረደች 13 ኪሎ ተኩል ላይ ቆመች። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ያው ነው። ነጋዴው አባት መርፌዋን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «አልተበላሸችም፤ ውሃው ነው የተሸከመው» አሉኝ። 43ቱ 13 ተኩል ሲሆን በዓይኔ ሳየው አርኪሜዲስ ያኔ ነው የገባኝ።

ዌትሱቱንም ሞከርኩ። በውሃ አርሼ፣ ውስጡ የተያዘውን አየር ጨምቄ፣ በመረብ ከረጢት ውስጥ ከእርሳስ ጋር ከተትኩት። በ9 ኪሎ እርሳስ ቀስ ብሎ ሰመጠ።

ማዕበል · ዓርብ፣ ማታ 1፡30

እኚያን አባት አመስግንልኝ። ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አይለኩም።

ሁለት ትንንሽ እርማት ላድርግ። እርሳሱ ራሱ ውሃ ይገፋል፤ 9 ኪሎ እርሳስ ውሃ ውስጥ 8.2 ገደማ ነው። ስለዚህ ሱትህ የሚያነሳው 8.2 ነው እንበል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ወደ 0.82 ባር ነው። ላስቲኩ ውስጥ ያለው አየር እዚያ ተለጥጧል፤ ያው ሱት ጅቡቲ ላይ የማንሳት አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል። የተለጠጠ ነገር ሲጨመቅ የሚያጣውም ብዙ ነው። ባሕር ላይ ከ10 ሜትር ወደ ላይ ስትወጣ አየር እጥፍ ይሆናል፤ ሐዋሳ ላይ ግን ከ1.8 ባር ወደ 0.82 ስለምትመጣ 2.2 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ጥልቀቱ ትንሽ ነው» ብለህ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች አትናቃቸው፤ ዊንግህን ቶሎ ቶሎ አስተንፍስ።

አሁን ስሌቱ። ዕቃህ 29 ሊትር ተኩል ውሃ ይገፋል። የባሕር ውሃ በሊትር 25 ግራም ያህል ስለሚበልጥ ጅቡቲ ላይ ዕቃህ በ0.7 ኪሎ ይቀልላል፤ 13 ኪሎ ገደማ። ሁለቱ ስቴጅ ሙሉ ሆነው ከነሬጉሌተራቸው እያንዳንዳቸው ወደ 1 ኪሎ ተኩል፤ ድምሩ 16። ዊንጉ ብቻውን ሁሉንም እንዲያንሳፍፍ ከፈለግክ 16 ያስፈልግሃል። ታች በ40 ሜትር ሱቱ 2 ኪሎ ቢቀርለት 14 ትከብዳለህ። ላይ ላዩን ደግሞ ሱቱ 8 ሲያነሳ 8 ይቀራል፤ ጭንቅላትህን ከማዕበሉ በላይ ለማቆየት 5 ኪሎ ጨምርበት፤ 13 ነው።

ትልቁ ቁጥር 16 ነው። ባለ 18ቱ ያነሳዋል፤ ግን የሚቀረው 2 ኪሎ ነው፤ ማዕበል ባለበት እኔ በዚያ አልወርድም። ከ20 እስከ 27 ባለው ውስጥ የተሠራ ማንኛውም ጥሩ የመንታ ዊንግ ይበቃሃል። 45 የሚያስፈልግበት ስሌት የለም። ለሐይቁ ልምምድ ብቻ፣ ያለ ስቴጅ፣ 18 በቂ ነው። እርሳስም አትጨምር፤ ባዶ ሲሊንደር ይዘህ እንኳ ከ7 ኪሎ በላይ ትከብዳለህ፤ ሱትህ ደግሞ 5 ሜትር ላይ ከ6 አያልፍም።

ሸዋ በር · ዓርብ፣ ማታ 2፡00

ከርዕሱ ውጭ ስለሆነ ይቅርታ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ መጥቼ ጠልቄ ማታውኑ ብመለስ ችግር አለው?

ማዕበል · ዓርብ፣ ማታ 2፡20

አለው፤ እንዳታደርገው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጠለቅህ በኋላ ወደ ከፍታ መንዳት አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው። ለበረራ የተለመደው ምክር ያለ ማቆሚያ አንድ ጊዜ ከጠለቅክ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመህ ከጠለቅክ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ሐዋሳ እደር፤ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ ቁጭ ብለህ ምሽቱን ተደሰት።

መልሕቅ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡10

ልጆች፣ ውይይታችሁን ከመጀመሪያው አነበብኩት፤ ኮርቻለሁ። በወጣትነቴ ምጽዋ የባሕር ኃይል ውስጥ ሆኜ ጠልቄያለሁ። ያኔ አየር የሚሞላ ጃኬት አልሰጡንም፤ ለመውረድም ለመውጣትም የነበረን ሳንባና እግራችን ላይ የምናጠልቀው ክንፍ ነበር። ስለዚህ አለቃችን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቀን ውሃ አያስገባንም ነበር፦ «በእግርህ ብቻ ትወጣለህ?»

እናንተ ዊንጉ ስንት ያነሳል እያላችሁ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ዊንጉ ባያነሳስ? 40 ሜትር ላይ 14 ኪሎ ከብደህ የኢንፍሌተሩ ቧንቧ ቢነቀል፣ 27 ሆነ 45 ሁለቱም ዜሮ ናቸው። 14 ኪሎ በእግሩ እየገፋ የሚወጣ ሰው አላየሁም። እኔ በጉልበቴ ጊዜ 5 ኪሎ ይዤ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጥ ነበር። ከባድ መንታ ብረትና ዌትሱት አንድ ላይ መሆናቸው ነው የታቦር ልጅ ችግር። እርሳስ እንኳ የለህም እንድትጥለው፤ ክብደትህ ሁሉ ጀርባህ ላይ የታሰረው ነው።

ማዕበል · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ይህን እኔ ማንሳት ነበረብኝ።

የታቦር ልጅ፣ መውጫው ሦስት ነው። አንዱ ውሃ የማያስገባው ልብስ፣ ድራይሱት ነው፤ ሱቱ ራሱ ሁለተኛ ተንሳፋፊ ይሆንልሃል፤ ግን ውድ ነው፤ ለጅቡቲም ሙቀት ይከብዳል። ሌላው ሁለት ከረጢት ያለው ዊንግ ነው፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው አለ፤ ሁለተኛው ሳይታወቅህ አየር እንዳያስገባ ግን መጠንቀቅ አለብህ። እኔ በዌትሱት ለምትጠልቅ ሰው የምመክረው ሦስተኛውን ነው፤ የብረቱን መንታ በባለ 11 ሊትር የአሉሚኒየም መንታ መለወጥ። አንድ ባለ 11 ሊትር አሉሚኒየም ሙሉ ሲሆን ባሕር ውስጥ 0.7 ኪሎ ብቻ ይከብዳል፤ ባዶ ሲሆን 2 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። መንታው ከነባክፕሌቱና ሬጉሌተሩ ሙሉውን 7 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለመጨረሻው ማቆሚያ እንዲመጣጠን 5 ኪሎ እርሳስ ትጨምራለህ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፤ ከእርሳሱ 4 ኪሎ የሚጣል አድርግ፤ ስቴጆቹን ለጓደኛህ ማቀበል ትችላለህ። ታች ዊንግህ ቢቀደድ ከ13 ወደ 6 ትወርዳለህ፤ መውጣት ስትጀምር ሱቱ እያበጠ ያግዝሃል። ያለ እርሳስ ማቆሚያ ላይ መቆየት ስለሚያስቸግር የመውጫ ገመድ ወይም ጓደኛ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ማቆሚያ ላይ መቸገር የሚችለው ከታች የወጣ ሰው ነው።

ቢሾፍቱ 04 · ቅዳሜ፣ ቀን 5፡40

የመጀመሪያውን ምክሬን አንስቻለሁ፤ 45ቱን አትግዛው። ሁለት ባለ 11 ሊትር አሉሚኒየም ሲሊንደር አለኝ፤ የምርመራ ጊዜያቸው ገና አላለፈበትም። የመንታ ማሰሪያና ማኒፎልድ የለኝም እንጂ ሲሊንደሩን ላመጣልህ እችላለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ ለሥራ ሐዋሳ እመጣለሁ። ከወዳጄ የ18 ኪሎ የመንታ ዊንግም ለምኜልሃለሁ፤ ለሳምንት ያቆይልሃል።

የታቦር ልጅ · ቅዳሜ፣ ቀን 6፡15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። የማሰሪያውን ነገር እኔ እፈታዋለሁ፤ እዚህ ብረት የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አለ። ማኒፎልዱን ግን ከብረቱ ወደ አሉሚኒየሙ አላዛውርም፤ የቫልቩ ጥርስና የሲሊንደሮቹ ርቀት ካልገጠመ አደጋ ነው። ለጊዜው ሁለቱን ለየብቻ፣ በሁለት ቫልቭና በሁለት ሬጉሌተር እጠቀማለሁ። ጋሼ መልሕቅ፣ ያን ጥያቄ በልቤ ይዤዋለሁ።

መልሕቅ · ቅዳሜ፣ ማታ 12፡50

ለየብቻ ከሆኑ ከሁለቱም እያፈራረቅህ ተንፍስ፤ አንዱን ብቻ ጨርሰህ አንድ ጎንህ እንዳይነሳ። ስትጨርስም ጻፍልን።

የታቦር ልጅ · ዓርብ፣ ማታ 2፡30

ቢሾፍቱ 04 ቃሉን ጠበቀ፤ ትናንት ማታ ደረሰ። ዛሬ ማለዳ አብረን ጀልባ ላይ ወጣን። ያቺን ሚዛን እንደገና ተዋስን። የአሉሚኒየሙ መንታ ከነባክፕሌቱ፣ በ200 ባር፣ ውሃ ውስጥ 7 ኪሎ ከሩብ።

ከዚያ ዕቃውን ለብሼ 5 ኪሎ እርሳስ ጨምሬ ወረድኩ። 12 ሜትር ላይ ዊንጉን ሙሉ በሙሉ አስተነፈስኩትና፣ ኢንፍሌተሩን ሳልነካ፣ አንድ እጄ የጀልባው ገመድ ዙሪያ ሳይጨብጥ ዝግጁ ሆኖ፣ በእግሬ ክንፍ ብቻ መውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሜትሮች ጭኔን አቃጠሉኝ። 7 ሜትር ገደማ ስደርስ ሱቱ ሲያብጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ እየቀለለኝ ሄደ። ገመዱን አልያዝኩትም።

በመጨረሻ የብረቱን መንታ በዚያው በ18 ኪሎ ዊንግ አሰርኩት፤ ዊንጉን እስኪወጠር ሞልቼ ለብቻው ውሃ ላይ ለቀቅኩት። ተንሳፈፈ፤ ሁለቱ ቫልቮችና የባክፕሌቱ ጫፍ ከውሃ በላይ ቀሩ። ከዚያ ለሁለቱ ስቴጅ ምትክ 3 ኪሎ እርሳስ አንጠለጠልንበት፤ ቫልቮቹ ጠለቁ፤ ከላይ የቀረው የዊንጉ ጠርዝ ብቻ ነበር። ትንሽ ሞገድ በመጣ ቁጥር እሱም ይሰወራል። ማዕበል የጻፈችው 2 ኪሎ ትርፍ ይህን ይመስላል።

ጅቡቲ ላለው ወዳጄ ደውዬ 45ቱን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ነገርኩት። የብረቱን መንታ ለሽያጭ አቅርቤዋለሁ፤ ድራይሱት ያለው ሰው ቢወስደው ደስ ይለኛል። በሚገኘው ብር መጀመሪያ የአሉሚኒየም መንታ ማሰሪያና ማኒፎልድ፣ ከዚያ ባለ 27ቱን። ቁጥሮቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ለዓሣ ነጋዴው አባት ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከሚዛናቸው ሳጥን ክዳን ውስጥ ለጥፈውታል።